ከሲጋራ ግብር ይሰበሰባል፤ ማቆም ለሚፈልገውስ ምን ተመደበለት?

ሰላም_ከፒያሳ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ብዙ ጊዜ ውስጤ ሲብላላ የቆየ ጉዳይ ስለሆነ እስቲ እንወያይበት።

ሲጋራ ላይ ያለን ህግ ጠንካራ ነው፣ ይሄን አልክድም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ካፌና ሆቴል ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል። ማስታወቂያም የለም። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሸጥም። የፓኮው 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ስዕል መሸፈን አለበት። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ታግደዋል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ፣ ቁጥር 1186/2012፣ በየፓኮው 8 ብር፣ በዚያ ላይ የፋብሪካ ዋጋውን 30 በመቶ ጣለ። እሰየው ብያለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ አጫሹ እንምጣ። ታላቅ ወንድሜ በቃኝ ብሎ፣ ራሱ ወስኖ፣ እኔን አስከትሎ ጤና ተቋም ሄደ። ያገኘው ምክር «ጎጂ ነው፣ ተወው፣ በርታ» የሚል ብቻ ነው። ጎጂ መሆኑንማ ፓኮው ላይ በየቀኑ ያየዋል። ከዚያ የኒኮቲን ፕላስተር (ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሲጋራ አምሮትን የሚያስታግሰውን) ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርን። ብዙዎቹ ጭራሽ የለንም አሉን። አንዱ ጋ ተገኘ፣ ዋጋውን ሲሰማ ግን «በዚህ ብርማ ስንት ፓኮ እገዛለሁ» ብሎ ወጣ። ያን ቀን ልፈርድበት አልቻልኩም።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አጽድቃለች። አንቀጽ 14 መንግስት ሱስ የያዘው ሰው እንዲያቆም እንዲረዳና ህክምና እንዲያመቻች ያስገድዳል። ክልከላውን ወስደን እርዳታውን ትተነዋል። ከግብሩ ላይ ተቆርጦ ለዚህ ይመደብ ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ገብስማው

ወንድሜ፣ ስለ ወንድምህ አዝናለሁ። ግን አልስማማም።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነበር። ከብዙ አገር ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። እኔ አዳማ ነው የምኖረው። እናቴ የስኳር ህመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ጠፍቶ ከተማውን ያካለልንበት ጊዜ አለ። ወዳና ፈቅዳ ባላመጣችው በሽታ የምትሰቃይ እናት መድኃኒት አጥታ፣ በራሱ እጅ ላይተር ለኮሰ ሰው ፕላስተር በመንግስት ገንዘብ ይገዛ? ይሄን ለእናቴ እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳት?

ሁለተኛ፣ የእኛ አገር ዋናው ሱስ ጫት ነው። ስለ ሱስ ከተነሳ ከዚያ እንጀምር።


ሲስተር_ባህርዳር

ገብስማው ወንድሜ፣ ለእናትህ ምህረቱን ያውርድላቸው። ቁጣህ ይገባኛል። ነርስ ነኝ፣ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ብዙ ሰርቻለሁና ከዚያው ካየሁት ልናገር።

5 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በሰው ሲቆጠር ግን በጥናቱ ጊዜ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከወንዶች መካከል ደግሞ 8 በመቶ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ኋላ የት ነው የሚመጡት? እኛው ጋ ነው። በልብ፣ በሳንባ፣ በስትሮክ ይመጣሉ። ያኔ አልጋውም ኦክስጅኑም ከእናትህ መድኃኒት ጋር ከአንድ በጀት ይሻማል።

ጫት ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ብዙ ታካሚዎች «ሲስተር፣ እኔ ስቅም ብቻ ነው የማጨሰው» ይሉኛል። ቅሙ ላይ ከተቀመጠ ግን ምርቃናው ሲመጣ አንዱን በአንዱ ላይ ይለኩሳል። ስለዚህ ሲጋራውን ለማስቆም ስትነሳ ስለ ጫቱ ሳታወራ አትችልም። የምክር አገልግሎቱ ቢኖር ሁለቱንም በአንድ ወንበር ታነሳቸው ነበር።

ወደ ነቀርሳው ልመለስ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከማያጨሰው ከእጥፍ በላይ ነው፣ ከዳነ በኋላም የማገርሸት ስጋቱ ከፍ ይላል። የቲቢ መድኃኒት ደግሞ በነጻ ነው የሚሰጠው፣ መንግስትና ለጋሾች ከፍለውበታል። ስድስት ወር ሙሉ ታካሚው ወደኛ ይመላለሳል። እንግዲህ አስቡት፦ እያሳለ መድኃኒቱን በውሃ ይውጣል፣ አመስግኖ ይወጣል፣ በር ላይ ካለው ሱቅ አንድ ፍሬ ገዝቶ ይለኩሳል። በመስኮት አየዋለሁ። ጠርቼ ላነጋግረው እችላለሁ፣ አነጋግሬም አውቃለሁ። ግን የሚመዘገብበት ቅጽ የለኝም፣ የምሰጠው ነገር የለኝም፣ የምልክበት ክፍል የለኝም። ስለ ሱስ ምክር አሰጣጥ ስልጠናም አላገኘሁም፣ ራሴ አንብቤ ነው የማውቃት።

እኔ የምለምነው ገንዘብ በመጀመሪያ ፕላስተር መግዣ አይደለም። ነርሷንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማሰልጠኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ከ30 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ምክር በየጤና ተቋሙ በመደበኛነት እንዲሰጥ ይመክራል። ሦስት ደቂቃ! የደም ግፊት ከምንለካበት ጊዜ አይበልጥም።


የሰሜን_ለንደን_ልጅ

ከእንግሊዝ ነው የምጽፈው። እዚህ አገር ሲጋራ የማስቆም አገልግሎቱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በመንግስት ገንዘብ ይሰራል። እኔም ያቆምኩት በሱ ነው፣ ስለዚህ ውስጡ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ሐኪሙ ጋ ለጉንፋን ሄጄ ነው የተላክሁት። የተቀበለችኝ ሴት ሐኪም አይደለችም፣ ለዚህ ብቻ የሰለጠነች አማካሪ ናት። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሰጠችኝ። ትንፋሽህን ያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ እስኪያልቅ ንፋ አለችኝ። ቁጥር ወጣ። በትንፋሼ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከ10 በታች ከሆነ አላጨስክም ማለት ነው። የኔ በቀይ ከፍ ብሎ በራ። ከዚያ የማቆሚያ ቀን ቆረጥን። በየሳምንቱ እየሄድኩ እነፋለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካም ተሰጠኝ። ካቆምኩ ከቀናት በኋላ ቁጥሩ ወርዶ አረንጓዴ ሲያበራ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም። ማንም «ጎጂ ነው» ብሎ አልሰበከኝም። ሰው ይጠብቀኛል፣ ሳምንት ስመለስ ታየኛለች የሚለው ነገር ነው የያዘኝ።

ገንዘቡ ግን እዚህም አስተማማኝ አይደለም። በ2013 ኃላፊነቱ ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች ተዛወረ። በጀታቸው ሲቀነስ ብዙ ቦታ አገልግሎቱ ተዳከመ። በ2023 መንግስት በዓመት 70 ሚሊዮን ፓውንድ ተጨማሪ መደበ፣ ይሄ የነበረውን እጥፍ ማድረጉ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች ካቆሙ እስከ 400 ፓውንድ የሚደርስ የገበያ ቫውቸር የሚያገኙበት አሰራርም አለ። መጀመሪያ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ሕፃኑ ያለ ቀኑና ኪሎው አንሶ ሲወለድ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ የሚወጣውን ወጪ ሳስብ ግን ገባኝ።


ሒሳብ_ሹም

እኔ በበጀት ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። ሐሳቡን አልቃወምም፣ «ከሲጋራ ግብር ተቆርጦ» የሚለው ግን ቀላል አይደለም።

ግብር አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በጀት ሆኖ ይወጣል። ከሲጋራው ለአጫሽ፣ ከቢራው ለጠጪ፣ ከመኪናው ለአደጋ ተጎጂ እየተባለ ከተቆራረጠ ለትምህርት ቤት የሚተርፍ አይኖርም። ገንዘብ ሚኒስቴር ይህን የማይወደው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ላይ አጫሽ ሲቀንስ ግብሩም ይቀንሳል፣ ፕሮግራሙ በራሱ ስኬት ገንዘቡን ያጣል። በመደበኛው የጤና በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው ቢባል እኔም እደግፋለሁ።


ሰላም_ከፒያሳ

ሒሳብ ሹም፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን አገራችን ይህን አድርጋ አታውቅም እንዴ? የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ነዳጅ ላይ በሚጣል ክፍያ ነው። ነዳጅ የሚቀዳ ሰው መንገዱን ይበላል፣ ስለዚህ ለጥገናው ያዋጣ ተባለ። መርሁ ያው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ጀምራዋለች። በትምባሆ ቁጥጥር ደንቧ አምራቹና አስመጪው ከምርቱ ዋጋ 2 በመቶ ወደ ትምባሆ ቁጥጥር ፈንድ እንዲያስገባ ደንግጋለች። ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ወስደው ተከራከሩ፣ ተሸነፉ። ታይላንድ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምባሆና በአልኮል ግብር ላይ 2 በመቶ እየጨመረች የጤና ማበልጸጊያ ተቋም ታስተዳድራለች። ይሄ 2 በመቶ በነበረው ላይ ተደራቢ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ድርሻ አልተነካም።

የእኛው ሲጋራ ፋብሪካ ደግሞ የመንግስት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ጃፓን ቶባኮ በሁለት ዙር 71 በመቶ ገደማ ገዝቶታል፣ በድምሩ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ። እንዲህ ያለ ኩባንያ 2 በመቶ ቢጠየቅ ይከብደዋል ብዬ አላምንም።


ቤተል_ከኔታንያ

ሻሎም፣ ሰላም። ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማጨስ ማቆሚያ በጤና ቅርጫቱ (በህግ ለሁሉም ነዋሪ በሚሰጠው የጤና አገልግሎት ዝርዝር) ውስጥ ገብቷል። ማለትም በህግ ሁሉም ቁፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅት) የማቆሚያ ቡድን ማዘጋጀት አለበት፣ መድኃኒቱም በድጎማ ይገኛል። የጤና ሚኒስቴሩ የስልክ መስመርም አለ፣ ኮከብ 6800።

አባቴ ነበሩ የተመዘገቡት። ዕብራይስጥ በደንብ አይችሉም። የመጀመሪያ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ሰው በክብ ተቀምጧል፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያጨስ ይናገራል። የአባቴ ተራ ሲደርስ በአማርኛ ነገሩኝ፣ እኔ ተረጎምኩ። ግን አባት በልጁ ፊት ስለ ድካሙ እንዴት አድርጎ ይናገራል? «ብርድ ስለሆነ ነው» ብቻ አሉ። ልጅ ሆኜ የማውቀውን፣ ከመጣን በኋላ ሥራ አጥተው በረንዳ ላይ ያደሩባቸውን ሌሊቶች አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁባቸውም። ቡድኑን አልጨረሱትም።

ኋላ ላይ አንድ የእኛው ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪ ነርስ፣ ለብቻቸው ስልክ እየደወለ ያወራቸው ጀመር። ሰዓቱ ሲደርስ አባቴ ስልኩን ይዘው ወደ ጓዳ ይገባሉ፣ በር ይዘጋሉ። በዚያው አቆሙ። ስለዚህ ገንዘብ ሲመደብ በሰው ቋንቋ የሚያወራ ሰው ይቀጠርበት። ኢትዮጵያ ውስጥም እኮ በአማርኛ ብቻ አይሆንም፣ በኦሮምኛውም በሶማልኛውም በትግርኛውም ነው።


ገብስማው

ቤተል እህቴ፣ የአባትሽ ነገር ነካኝ። የእኛም አባቶች እንደዚያው ናቸው።

ሲስተር የነቀርሳውን ስትነግሪኝ ግን ሐሳቤ ትንሽ ተለወጠ። በነጻ የተሰጠ መድኃኒት በር ላይ ከሚሸጠው ሲጋራ ጋር ሲታገል የሚባክነው ያው የኛ ገንዘብ ነው። በዚህ ልክ ከሆነ እስማማለሁ፦ ከነቀርሳ ታካሚው፣ ከነፍሰ ጡሯ፣ ከልብ ህመምተኛው ይጀመር። ለሁሉም አጫሽ ፕላስተር በነጻ የሚለውን ግን የእናቴ ኢንሱሊን ሳይቋረጥ መገኘት ሲጀምር አውሩኝ። ይሄን የምለው በክፋት አይደለም።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው። ሒሳብ ሹምና ሰላም የተከራከሩበትን የአሜሪካ ታሪክ ይመልሰዋል።

በ1998 46 ግዛቶች ከትልልቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች ጋር ተስማሙ። ኩባንያዎቹ በ25 ዓመት ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍሉ ፈረሙ። የክሱ መነሻ ግዛቶቹ በሲጋራ ለታመሙ ሰዎች ያወጡት የህክምና ወጪ ነው። ውሉ ግን ገንዘቡን ለምን ማዋል እንዳለባቸው አላሰረም። ምን ሆነ? የበጀት ጉድለት ተሞላበት፣ ሌላ ሌላ ነገር ተሰራበት። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሄደው ትምባሆ አብቃይ ለነበሩ አካባቢዎች ኢኮኖሚ ማገገሚያ ነው። ለማቆሚያና ለመከላከያ የሚደርሰው ዛሬም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሰላም ልክ ነህ፣ ሕጉ ላይ በግልጽ ካልታሰረ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያም ሆኖ እዚህ ያላችሁ ወገኖች ተጠቀሙበት። 1-800-784-8669 ስትደውሉ ወደምትኖሩበት ግዛት መስመር ያገናኛችኋል፣ በነጻ ነው። «Amharic» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። የኛ ግዛት ፕላስተርና ማስቲካ በነጻ ይልካል። ስጋቴ ግን በኤፕሪል 2025 እነዚህን መስመሮች የሚደግፈው የፌዴራሉ የማጨስና ጤና ቢሮ ሠራተኞች በጅምላ መሰናበታቸው ነው። ብዙ ዓመት የተገነባ ነገር በአንድ ውሳኔ ሲናድ አየን። የራይድ ሾፌር ወንድሞቼ በረጅም ሌሊት ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚያጨሱ ስለማውቅ ያሳስበኛል።


ፋርማሲስቱ

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም «ፕላስተር ቅንጦት ነው» የሚል ስሜት አያለሁ።

የኒኮቲን ምትክ (ፕላስተሩና ማስቲካው) ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በ2021 ቡፕሮፒዮንና ቫረኒክሊን የተባሉት የማቆሚያ ክኒኖች ተጨምረዋል። ኢንሱሊንም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። ገብስማው ወንድሜ፣ ሁለቱን እንደ ጠላት አትያቸው። አንዱን ለማግኘት የምንጮህበት ሰልፍ የሌላውም ነው።

ያለ ምንም እርዳታ በራሱ የሚሞክር ሰው ሳያገረሽበት የሚቆየው ከ100 አራት አካባቢ ብቻ ነው። ምክርና መድኃኒት ሲደመሩበት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። መንግስት በጅምላ ቢገዛና ከቀረጥ ነጻ ቢያስገባ ዋጋው አሁን ፋርማሲ ላይ ከምናየው በጣም ይወርዳል። ዛሬ የሚወደደው በትንሽ በትንሹ፣ በነጋዴ እጅ ስለሚመጣም ነው።

አንድ ለቡና ጠጪ የሚሆን ነገር። የኒኮቲን ማስቲካ ከቡና በኋላ ወዲያው ከተያዘ በአፍ በኩል በደንብ አይገባም፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቅ። ደግሞ ሲጋራ ያቆመ ሰው ሰውነቱ ካፌይንን የሚያስወግደው ከበፊቱ በዝግታ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደ ድሮው ከጠጣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል። ከዚያ «ሲጋራ በማቆሜ ነው» ብሎ ይመለሳል። ቡናውን በግማሽ ይቀንስ። ይሄን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው የሚያናድደኝ።


ማታ_ማታ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሀዋሳ ነኝ፣ አጫሽ ነኝ። ስለ በጀት የማውቀው የለኝም። ማቆም እፈልጋለሁ። በተለይ ልጄ ልብሴን አሽትታ ፊቷን ስታዞር። ፕላስተር የሚገዛ አቅም የለኝም። በጀቱ እስኪመጣ ምን ላድርግ?


ሲስተር_ባህርዳር

ማታ ማታ፣ እንኳን ጻፍክ። ከዛሬ አትጀምር፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ቁረጥ። እስከዚያ ድረስ መቼ መቼ እንደምታጨስ በወረቀት ያዝ። ከቡና ጋር ነው? ከጫት ጋር? ከሥራ መልስ? ቀኑ ሲደርስ ቤት ውስጥ ያለውን ፓኮ፣ ላይተር፣ መተርኮሻ በሙሉ አስወጣ። ሱቁንም በሌላ መንገድ እለፈው፣ በፍሬ መግዛት ነው ሰውን የሚመልሰው። የምትቅም ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከቅሙ ራቅ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ከባድ ናቸው። ትቆጣለህ፣ ይርብሃል፣ ሐሳብህ ይበተናል። ቤተሰብህን አስቀድመህ ንገራቸው፣ እንዲታገሱህ። አምሮቱ ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚጠናው፤ ውሃ ጠጣ፣ ተነስተህ ወጣ በል፣ ለሰው ደውል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በብዛት ይረግባል። ተሳስተህ አንድ ብታጨስ እንኳ ቀኑ አለቀ ብለህ ፓኮ አትግዛ፣ ከዚያው ቀጥል።

አቅራቢያህ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ካለው ሂድና ጠይቅ፣ ስለ ሱስ የሚያውቅ ባለሙያ የምታገኝበት ዕድል እዚያ ይሻላል። የቆረጥከውን ቀን እዚህ ጻፍልኝ፣ እኔ ማታ ማታ እገባለሁ።


ማታ_ማታ

እሺ ሲስተር። የፊታችን ሰኞ።


ሰላም_ከፒያሳ

ሰኞን ለወንድሜም እነግረዋለሁ፣ አብራችሁ ጀምሩ። ሒሳብ ሹም፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚገባ ደብዳቤ ላርቅቅ ነው። የነርሶቹን ስልጠና፣ የቲቢ ክፍሎቹንና 2 በመቶውን ለየብቻ አደርጋቸዋለሁ። የበጀቱን ክፍል አንተ ብታይልኝ ደስ ይለኛል።


ሒሳብ_ሹም

ላከው። ስልጠናውን ከፊት አድርገው፣ ወጪው ትንሽ ስለሆነ በዘንድሮው በጀት ውስጥ ሊታቀፍ ይችላል። 2 በመቶው አዋጅ ማሻሻል ስለሚጠይቅ በሌላ ገጽ ይሁን።